የምሽት ማንጎ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መርሳን ያገኛታል። የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ መንገደኛ ግን የሚያስታውሳት በፍራፍሬዋ ነው። መኪናው በቅጡ ሳይቆም ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሎሚው፣ ዘይቱኑ መስኮት ላይ ይደርሳል። አክስቴም ከሻጮቹ አንዷ ናቸው። ባለፈው የማንጎ ወቅት እሳቸው ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሳይሸጥ የቀረ ግማሽ ሳፋ ማንጎ ተሸክመው ገቡና ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። የዚያ ምሽት ጨዋታችን ይህ ነው።

አክስቴ፦ እስቲ እነዚህን እዪልኝ። ጧት ሙሉ ዋጋ፣ ከቀትር በኋላ ግማሽ ዋጋ፣ አሁን ደግሞ ለፍየሏ። መንገደኛ የሚፈልገው ጠንካራውን ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሊወስደው ነው፣ ምን ያድርግ! ጫን አድርጎ ያየውና ከለሰለሰበት ይመልሰዋል። አሥር ሰው ሲጫነው የዋለ ማንጎ ደግሞ ሳይወድ ይለሰልሳል።

እኔ፦ ለፍየሏማ አይሰጡም። እኔ ከጧት ጀምሮ ስጠብቅ የዋልኩት እነዚህን ነው።

አክስቴ፦ ምን ልታደርጊያቸው?

እኔ፦ ስጎ።

አክስቴ፦ የምን ስጎ? ስጎ በቲማቲም ነው የሚሠራው፣ መኮሮኒ ላይ የሚፈሰው።

እኔ፦ ይኼም ይፈሳል፤ ግን ጣፋጭ ነው። ኬክ ላይ፣ እርጎ ላይ፣ ዳቦ ላይ፣ በወተት የተቀቀለ ሩዝ ላይ። ስጎ ያልኩት የአማርኛ ስም ስላጣሁለት ነው።

አክስቴ፦ ታዲያ ማርማላታ አትዪውም?

እኔ፦ ማርማላታ ሌላ ነው። ማርማላታ ከፍሬው ክብደት ጋር የሚተካከል ስኳር ይበላል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ዳቦ ላይ በቢላ ይቀባል። ይኼ ግን ትንሽ ስኳር ነው የሚፈልገው፣ ከማንኪያም ይወርዳል። ማርማላታ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ጣልያኖቹም ከፖርቱጋሎች የወሰዱት ነው። እነዚያ ደግሞ እነሱ አገር ከሚበቅል ከአንድ ፍሬ ስም ነበር ያወጡት። የሚፈሰውን ዓይነት ፈረንሳዮች ኩሊ ይሉታል። መጀመሪያው ማጥለል፣ ማፍሰስ ከሚል ቃል ነው።

አክስቴ፦ ማጥለል ከሆነማ እኛስ መች አጣነው! ቅቤ ስናነጥር እናጠላለን፣ ሻይ እናጠላለን። ጥልል በይው እንግዲህ። የማንጎ ጥልል።

ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ወደድኩት። እኔ አገር ለአገር ስፈልገው የቆየሁትን ስም እሳቸው ማንጎ እያገላበጡ አገኙት።

አክስቴ፦ ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼ ማጣጣሚያ የምትሉት ነገር የከተማ ነው። እኛ ቤት ምግብ ሲያልቅ እጅ እንታጠባለን፣ አልሀምዱሊላህ እንላለን፣ ቡና ይፈላል። ጣፋጩ በየት በኩል ይገባል?

እኔ፦ በቡናው በኩል። የቡና ቁርስ ማለት ምንድን ነው? ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ አምባሻው፣ ድፎው፤ ሰው ከበላ በኋላ ተሰብስቦ እየተጫወተ የሚቀማምሰው ነው። የሌላው አገር ሰው ማጣጣሚያ የሚለው ይኼንኑ ነው። ኢትዮጵያውያን ማጣጣሚያ የላቸውም ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይከፋኛል። ማጣጣሚያማ አለን፤ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠን የምንበላው። አንድ ነገር ጎደለው ከተባለ ጣፋጩ ነው፣ እሱም እዚህ ሳፋ ውስጥ አለ።

አክስቴ፦ እሺ፣ አሳመንሽኝ። ብረት ድስቱን ላምጣልሽ?

እኔ፦ የትኛውን?

አክስቴ፦ ያንን ወጥ የምሠራበትን።

እኔ፦ እሱንስ ይተዉት። አምና አዲስ አበባ ለእንግዶች ስሠራ ወጥ በሚሠራበት ድስት ሠራሁት። ሁለቴ በሳሙና አጥቤው ነበር። መልኩ አምሮ ወጣ፣ ኬኩ ላይ አፈሰስኩት፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ነጭ ሽንኩርት መጣ። እንግዶቼ ምንም ሳይሉ በሉት፤ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም። ድስቱ ብቻ አይደለም፤ መክተፊያው፣ የእንጨት ማማሰያው፣ ሁሉም ሽታ ይይዛል። ሸክላማ ከሁሉ የባሰ ነው፤ የጠጣውን አይለቅም። አልሙኒየሙም ቢሆን ከሎሚ ጋር አይስማማም፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይሰጣል። ወተት የሚያፈሉበት የማይዝገው ድስት አለ አይደል? እሱ ይሁን።

አክስቴ፦ ማማሰያስ?

እኔ፦ የሾርባ ማንኪያ ይበቃናል። ቢላውንም በሎሚ ልጣጭ ልሸው።

ማንጎውን መምረጥ ያዝን። የለሰለሰ ሁሉ አንድ አይደለም። አክስቴ እያንዳንዱን፣ ከዘንጉ በተቀነጠሰበት በኩል፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ደህናው እዚያ ቦታ ላይ ማር ማር ይላል። የጠላ ሽታ የሰጠውን፣ ማለትም መፍላት የጀመረውን፣ ወደ ጎን ያደርጋሉ። ከውጭ ጠቆር ያለ ነጥብ ያለበትን ግን አይጥሉም፤ ይልጡትና ውስጡን ያያሉ። ነጥቡ ቆዳው ላይ ብቻ ከቀረ ሥጋው ንጹሕ ነው፣ ጠልቆ ከገባ በዙሪያው ሰፋ አድርገው ቆርጠው ያወጡታል። አራት መረጥን። እየላጡ ሳለ አንዱ ጫፉ ላይ የደረቀ ሙጫ ነበረበት።

አክስቴ፦ ይኼን በደንብ እጠቢው። ሙጫው ከንፈር ይበላል። ልጅ ሆነን ከዛፉ ስር በጥርሳችን እየላጥን ስንበላ አፋችን ዙሪያውን ያብጥ ነበር።

እኔ፦ አዎ፣ የሚያቆስል ነገር አለው። ለዚያ ነው ታጥቦ በቢላ የሚላጠው።

አክስቴ፦ የኛ ማንጎ ክሩ ብዙ ነው፤ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ያ ከተማ የምታመጡት ትልልቁ የለውም።

እኔ፦ ትልልቁ ተከትቦ የሚተከል ዝርያ ነው፤ ኬንት፣ ኬት፣ ቶሚ አትኪንስ የሚባሉት። የናንተው ከፍሬው የበቀለው ነው፤ ክር ይበዛዋል፣ ሽታው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ለመብላት ክሩ ያስቸግር ይሆናል፤ ለጥልል ግን ምን ችግር አለው? ወንፊት አለን።

አክስቴ፦ የዱቄቱ ወንፊት?

እኔ፦ እሱ ዱቄት ዱቄት ይላል። የሻይ ማጥለያውን ያምጡልኝ፣ ቢያደክምም። ማንጎውን በእጅ ጨምቄ፣ በማንኪያ ጀርባ አሸዋለሁ። አሁን ይዩት፤ ክሩ ከላይ ቀረ፣ ከሥር የወረደው እንደ ቅቤ ነው። አራቱ ማንጎ ሁለት ብርጭቆ ያህል ሰጠን። ፍሬው ላይ የቀረውንም አይጣሉት፤ ትንሽ ውሃ ጨምረው ያሹትና ያንኑ ውሃ ይጨምሩበት።

አክስቴ፦ ስኳሩስ?

እኔ፦ አንድ የቡና ሲኒ።

አክስቴ፦ ለሁለት ብርጭቆ አንድ ሲኒ? ቡናችን ላይ ከዚህ በላይ እናደርጋለን እኮ!

እኔ፦ ማንጎው በስሎ የራሱን ስኳር ሠርቷል። የለሰለሰው የሚመረጠው ለዚያ ነው፤ ጠንካራው ቢሆን ሦስት ሲኒ ይጠይቀን ነበር። መንገደኛው የመለሰብዎ ማንጎ የስኳር ወጪ አዳነልዎ ማለት ነው።

አክስቴ ዝም አሉና ሳፋውን ተመለከቱ። ከዚያ ከሰሉን አራገቡ።

እኔ፦ እሳቱን ያብርዱልኝ። ፍሙ አመድ ለብሶ ዝም ያለ ይሁን። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ስኳሩ፣ ጨው በሁለት ጣት ቁንጥር።

አክስቴ፦ ጨው ለጣፋጭ?

እኔ፦ ጨው ጨው እስኪል አይደለም። ማንጎው ማንጎ እንዲል ነው። አሁን ማማሰል ብቻ ነው፤ ማንጎ ከሥር ቶሎ ይይዛል። ደግሞ ራቅ ይበሉ፤ ሲንተከተክ ይረጫል፣ ከሽሮ የባሰ ያቃጥላል።

አክስቴ፦ ሽሮ ከሚረጭብኝማ ስንት ዓመቴ! ዱቄት አይገባበትም? የጎረቤት ልጅ ኬክ ስትሠራ በቆሎ ዱቄት ጨምራ ስታወፍር አይቻለሁ።

እኔ፦ ለማንጎ አያስፈልገውም፤ የራሱ ሥጋ ያወፍረዋል። ዱቄት የገባበት መልኩ ይደፈርሳል፣ ምላስ ላይም ይለጠፋል። ቀጥኖብን ቢሆን ትንሽ ቆይቶ እሳት ላይ መቀመጥ ይበቃው ነበር።

አክስቴ፦ ቀረፋ? ቅርንፉድ? ሄል?

እኔ፦ አንድ ብቻ ይምረጡ።

አክስቴ፦ ቅርንፉድ።

እኔ፦ አንዲት ፍሬ። ስናወርድ እናወጣታለን። ሁለት ከሆነች ማንጎውን ታስረሳለች፣ ሻይ ይሆንብናል።

አክስቴ፦ መብሰሉን በምን አውቃለሁ?

እኔ፦ ያቺን ሰሃን ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱባትና ያድርቋት። አንድ ጠብታ ይጣሉባት። አሁን በጣትዎ መሃሉን ይሰንጥቁት። ይኸው፣ ተመልሶ ገጠመ። ገና ነው።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ሞከርን። የአክስቴ ጣት ያለፈበት መስመር ለአፍታ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ዳርና ዳሩ ቀስ ብሎ ተጠጋጋ። በሦስተኛው ሙከራ መስመሩ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሰሃኗን ዘመም ሲያደርጓት ብቻ ጠብታው ወረደ። ድስቱን ሳልጠይቃቸው አወረዱት። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው ጠቅላላ የፈጀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ትኩስ ሳለ ቀጭን ስለሚመስል ጨምሮ ያፈላዋል። ሲቀዘቅዝ ወፍሮ ይጠብቀዋል፣ ሽታውም ከእንፋሎቱ ጋር ሄዷል።

እኔ፦ አሁን ሎሚው። አንዲት የናንተ ትንሽ ሎሚ ትበቃለች። እሳት ላይ እያለ አይጨመርም፣ መዓዛው ይበናል።

አክስቴ፦ ልቅመሰው?

እኔ፦ ይቅመሱት። ግን ትኩስ ነገር ከቀዘቀዘው ይልቅ ይጣፍጣል። አሁን ልክ ከሆነልዎ፣ ነገ ከፍሪጅ ሲወጣ ትንሽ ያንሰዋል።

አክስቴ፦ ወላሂ ይኼ ማንጎ አይደለም።

እኔ፦ ምን ሆነ?

አክስቴ፦ ማንጎ ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ አያውቅም ማለቴ ነው። ሎሚው ነው ያነሣው።

ድፎ ቆርሰን በላዩ አፈሰስንበት። ቡናው ገና አቦሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ፓፓያና ወደ ዘይቱን ሄደ፤ አክስቴ አንድ ነገር ሲገባቸው በሌላው ላይ ካልሞከሩት አያርፉም።

አክስቴ፦ ፓፓያውንስ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል? አንድ ጊዜ ለልጆቹ ፓፓያ በወተት መትቼ አስቀመጥኩት፤ ስመለስ መርሯል፣ ተቋጥሯል። ወተቱ ነው ብዬ ባለ ላሟን ወቀስኳት።

እኔ፦ ወተቱ አይደለም፣ ፓፓያው ነው። ጥሬ ፓፓያ ውስጥ ፓፔን የሚባል ነገር አለ፤ ሥጋ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ወተቱንም ቆራርጦ ያመርረዋል። ፓፓያ እርጎ ላይ ወይም ወተት ላይ የሚፈስ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ መፍላት አለበት፤ እሳት ያን ነገር ይገድለዋል። ደግሞ ፓፓያ ኮምጣጣነት ስለሌለው ሎሚውን እጥፍ ያድርጉት። ዝንጅብልም ይወዳል።

አክስቴ፦ ሴትየዋን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ ማለት ነው። አራት ዓመት ሆነው እኮ!

እኔ፦ ጥልል ይዘውላት ይሂዱ።

አክስቴ፦ ዘይቱኑስ?

እኔ፦ ዘይቱን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። የሚገርመው ስሙ ነው፤ ዓረቦቹ ዘይቱን የሚሉት ወይራን ነው፣ ቁርኣን ላይ ያለውም እሱ ነው። ይኼ የኛው ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ፍሬ ነው፣ እንዴት በዚያ ስም እንደተጠራ እንጃ። ቫይታሚን ሲው ደግሞ ከብርቱካን አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሳት ቢቀንሰውም ይተርፈዋል። ዘሩ ጠጠር ስለሆነ ከነልጣጩ ቆራርጠው ውሃ አልብሰው ሩብ ሰዓት ይቀቅሉት፣ ከዚያ ያጥልሉት። ፔክቲን የሚባል የሚያረጋ ነገር ሞልቶታል፤ ጠዋት ሲያዩት እንደ ማርማላታ ቆሞ ካገኙት አይደንግጡ፣ በትንሽ ሙቅ ውሃ ይፍቱት።

አክስቴ፦ የቆመውንስ በጠርሙስ አድርጌ ብሸጠው? አውቶቡስ ላይ ማንጎ ከመጫን ጠርሙስ መጫን አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መልካም መልስ ብቻ መስጠት እችል ነበር፤ አክስቴን ግን በተስፋ አስክሬ መሄድ አልፈለግኩም።

እኔ፦ ለሽያጭ ከሆነ ጥልሉ አይሆንም። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ነው የሚቆየው፣ ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ በማግስቱ ማለቅ አለበት። የሚቆየው ማርማላታ ነው፤ እሱ እኩል በእኩል ስኳር ይፈልጋል፣ የስኳርን ዋጋ እርስዎ ያውቁታል። ጠርሙሱ መቀቀል አለበት፣ ክዳኑ አየር ማስገባት የለበትም። ለገበያ ሲቀርብ ፈቃድም አለ። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታው።

አክስቴ፦ የምን ከፍታ?

እኔ፦ ቀይ ባሕር ዳር፣ አሰብ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። መርሳ 1600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ በ95 አካባቢ ይፈላል። ወልድያ ላይ ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ በ93 ገደማ። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ማርማላታ በ104 ዲግሪ ይረጋል ይላል፤ ያ ግን ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። እዚህ 104ን የጠበቀ ሰው ማርማላታው ከረሜላ ሆኖ ያገኘዋል። መርሳ ላይ 99 ሲደርስ ማውረድ ነው፣ ወልድያ ላይ 97።

አክስቴ፦ ቴርሞሜትር የለኝም።

እኔ፦ ሰሃኗ አለችዎት። ሰሃኗ ከፍታ አትጠይቅም።

አክስቴ፦ እንዲያ ከሆነ ለጊዜው ለቤት ይሁን። ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይ ከዚሁ ከመርሳው ግብርና ኮሌጅ የመጣ ሰው ሳገኝ ስለ ጠርሙሱ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን እጄ ይልመደው።

እኔ፦ ለቤትማ ስንት ቦታ ይገባል! ረመዳን ላይ ለማፍጠሪያ ከቴምሩ ጎን።

አክስቴ፦ ለጎረቤታችንም እወስድላቸዋለሁ። ነገ ረቡዕ ነው፤ እርጎም እንቁላልም አይቀምሱም። ይኼ ግን ማንጎና ስኳር ብቻ ነው፣ ለጾሙ ይሆናቸዋል። በዓል ሲሆን ዳቦ ይልኩልኛል፤ እኔ ሁልጊዜ ጥሬ ማንጎ ነው የምመልስላቸው።

እኔ፦ በስኳሩ ፋንታ ማርም ይሆናል፣ ከወረደ በኋላ ከተጨመረ። እዚህ ቤት ላለው ትንሽ ልጅ ግን ማር ያለበትን አይስጡት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ይጎዳል።

አክስቴ፦ ለሱ ጥሬውን አሽቼ ነው የምሰጠው፣ አብሽሪ።

ጥልሉን በሁለት የታጠበ ብርጭቆ ገለበጥነው፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለጎረቤት። ድስቱ ሥር የቀረውን አክስቴ በዳቦ ጠርገው በሉት። ውጭ አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ቆመ፤ አክስቴ ከልማድ የተነሣ ግማሽ ድረስ ተነሡና ተመልሰው ተቀመጡ።

አክስቴ፦ ነገ ጧት ሳፋውን ስታዘጋጂ ለስላሳዎቹን ለብቻ አድርጊልኝ። መደብ ላይ አላወጣቸውም።

እኔ፦ ፍየሏስ?

አክስቴ፦ ልጣጩን እንሰጣታለን።